የሬምብራንትን ቤት እንዴት እንጎብኝ? ከቲኬት እስከ ቆጥ

በአምስተርዳም የሚያልፉ ሰዎቻችን ጥቂት አይደሉም። አንዱ ዘመድ ሊጠይቅ ይመጣል፣ ሌላው ለስብሰባ፣ ሌላው ደግሞ ከጀርመን ወይም ከቤልጂየም ለቅዳሜና እሁድ ብቅ ይላል። አብዛኛው ሰው በጀልባ ዞሮ፣ አይብ ገዝቶ፣ ብስክሌት ሲሸሽ ውሎ ይመለሳል። ክፋት የለውም። ሁለት ሰዓት ከተረፋችሁ ግን አንድ ቤት ግቡ እላለሁ። ሠዓሊው ሬምብራንት ከ1639 እስከ 1658 የኖረበት፣ የሣለበት፣ ተማሪ ያስተማረበት፣ በመጨረሻም ከስሮ የወጣበት ቤት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ታላላቆቹን የዘይት ቀለም ሥዕሎቹን ፈልጋችሁ ከሆነ ቦታው እዚህ አይደለም፣ እዚያው ከተማ ያለው ትልቁ ሙዚየም፣ ራይክስሙዚየም ነው። እዚህ የሚታየው ሙያውና ኑሮው ነው። ቀለሙ እንዴት ይፈጫል? ብርሃኑ ከየት ይገባል? ያ ሁሉ ገንዘብስ የት ገባ? ይህን ሳያውቁ ገብተው "ሥዕሎቹ የታሉ?" እያሉ የሚወጡ ሰዎች አሉ። እናንተ እንደነሱ እንዳትሆኑ ነው ይህን የጻፍኩት።

1. መጀመሪያ ወረቀታችሁን አጣሩ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኔዘርላንድ ለመግባት የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። "ትራንዚት ላይ ነኝ፣ ስድስት ሰዓት አለኝ፣ ከተማ ወጣ ብዬ ልመለስ" የሚል ሐሳብ ካላችሁ ቆም በሉ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት በአየር ማረፊያው ውስጥ ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። አንዳንድ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ቪዛ ላላቸው ሰዎች ይህ ይቀርላቸዋል። ቢሆንም የትራንዚት ቪዛ ከአየር ማረፊያው በር አያስወጣም። ከተማ ለመግባት መደበኛው የሸንገን ቪዛ ግድ ነው። በሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ግን ይህን አልፋችሁ ወደ ቁጥር 2 ሂዱ።

2. ቲኬቱን በስልካችሁ ቁረጡ

ቤቱ ጠባብ ነው። ሰው የሚገባው በሰዓት ተከፋፍሎ ስለሆነ በር ላይ ሄዶ ዕድል ከመሞከር ከሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ ሰዓት መርጦ መግዛት ይሻላል። የሚዘጋበትን ቀንና የዕለቱን ዋጋ እዚያው ታገኛላችሁ። ኔዘርላንድ የምትኖሩና ሙዚየም የምትወዱ ከሆነ "ሙዚየምካርት" የሚባለው የዓመት ካርድ ይሠራል። ለጥቂት ቀን የመጣችሁ ደግሞ የከተማዋን የቱሪስት ካርድ ከገዛችሁ ይህ ቤት አብሮ ተካትቷል። ሆኖም ካርዱ የሚያዋጣው በቀን ሁለት ሦስት ቦታ ለሚዞር ሰው ነው። አንድ ቤት አይቶ ቡና ለሚጠጣ ሰው አያዋጣም።

ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። 10:00 ካለ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። 14:00 ካለ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት። ለእናት ወይም ለአባት ገዝታችሁ የምትልኩ ከሆነ በእኛ ሰዓት ጻፉላቸው፤ አለበለዚያ ነገሩ ይምታታል።

እኔ የምመርጠው የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት ነው። ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ሰው ሲበዛ መተላለፍ ራሱ ሥራ ይሆናል።

3. እስከ በሩ ድረስ

ከስኪፖል አየር ማረፊያ እስከ አምስተርዳም ሴንትራል ባቡሩ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሴንትራል ሜትሮ 51፣ 53 ወይም 54 ያዙና ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ዋተርሎፕላይን ውረዱ። ቤቱ ዮደንብሬስትራት በሚባለው መንገድ ቁጥር 4 ላይ ነው፣ ከፌርማታው ጥቂት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። በእግር መሄድ የሚወድ ሰው ከሴንትራል በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል።

የባቡርና የሜትሮ ቲኬት መግዣ ላይ መሰለፍ ቀርቷል። የባንክ ካርዳችሁን ስትገቡ በሩ ላይ ማስነካት ነው። ስትወጡም ማስነካት አለባችሁ! ይህን የረሳ ሰው ከሄደበት በላይ ይከፍላል። ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ቦታ ብዙ ስለሆነ ካርድ ሳትይዙ አትውጡ።

መግቢያው ከአሮጌው ቤት አጠገብ በ1998 በተጨመረው አዲስ ሕንጻ በኩል ነው። የአሮጌውን በር ለመክፈት አትታገሉ። አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ አለኝ። አሮጌው ቤት ለተሽከርካሪ ወንበር አይመችም። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሰው ይዛችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ለሙዚየሙ ደውላችሁ የትኛው ክፍል ድረስ መግባት እንደሚቻል ጠይቁ። ሕፃን ከሆነ የያዛችሁት ጋሪውን ትታችሁ እዘሉት።

4. ከመግባታችሁ በፊት የዕዳውን ታሪክ ያዙ

ይህን ደረጃ አትዝለሉብኝ። የቤቱ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ሬምብራንት ቤቱን በ1639 መጀመሪያ ሲገዛ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ስሙ ገኗል፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ የመጣችውን ሳስኪያን አግብቷል፣ ሥዕል ሣልልን የሚሉት ሰዎች ብዙ ናቸው። ዋጋው 13,000 ጊልደር (የዘመኑ የሆላንድ ገንዘብ) ነበር። ብዛቱ እንዲገባችሁ ይህን ያዙ፤ "የሌሊት ዘብ" ለሚባለው ግዙፍ ሥዕል የተከፈለው 1,600 ጊልደር ገደማ ነው። ቤቱ ማለት ስምንት "የሌሊት ዘብ" ማለት ነበር። ከዋጋው የተወሰነውን ከፍሎ ቀሪውን ቀስ እያለ ሊከፍል ተስማማ።

አልከፈለም። ገንዘብ ሳያገኝ ቀርቶ አልነበረም፣ ያገኝ ነበር። ግን ጨረታ አይቶ ማለፍ አይችልም። ሥዕል፣ የጦር መሣሪያ፣ የባሕር ዛጎል፣ የሮማ ነገሥታት ሐውልት፣ ከሕንድ የመጣ ትንንሽ ሥዕል፣ ያየውን ሁሉ ይገዛል። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ይሏል ይሄ ነው። በ1653 ሻጩ ቀሪውን ክፈለኝ ሲለው ከሰው ተበድሮ ዕዳውን በዕዳ ለወጠው። በ1656 መክሰሩን አሳወቀ።

በዚያ ዓመት ጁላይ 25 እና 26 ቆጣሪዎች መጡና ክፍል በክፍል እየዞሩ ንብረቱን ጻፉ። 363 ተራ ቁጥር ወጣው። የትኛው ሥዕል የትኛው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሳይቀር ሰፈረ። ዕቃው በጨረታ ተበተነ። ቤቱም በ1658 ተሸጠ፣ ያወጣው 11,218 ጊልደር ብቻ ነው። ሬምብራንት ሮዘንግራክት በሚባል መንገድ ወደሚገኝ ኪራይ ቤት ገባ።

እንግዲህ ዛሬ የምታዩት ቤት የተሰናዳው በዚያ ዝርዝር ነው። ከተማዋ ሕንጻውን በ1907 ገዛችው፣ በ1911 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ውስጡ እንደ ድሮው ተደርጎ የተሞላው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ዕቃዎቹ የሬምብራንት የራሱ አይደሉም። የዘመኑ ሆነው ዝርዝሩ ላይ ባለው መሠረት የተመረጡ ናቸው። አበዳሪዎቹ ለጨረታ ብለው ያስጻፉት መዝገብ ባይኖር ኖሮ ባዶ ክፍል ነበር የምንጎበኘው። እየዞራችሁ ይህን አስቡ።

5. ከኩሽናው ጀምሩ

ኩሽናው ምድር ቤት ነው። ምድጃው ትልቅ ነው። በብርድ ጊዜ ቤተሰቡ የሚሰበሰብበት ሞቅ ያለ ክፍል ይህ ሳይሆን አይቀርም። ግድግዳው ውስጥ በር ያለው አልጋ ታያላችሁ፣ የሠራተኛዋ ነው። ርዝመቱን በዓይናችሁ ለኩት። እግር ዘርግቶ ለመተኛት የተሠራ አይመስልም፤ በዚያ ዘመን ትራስ ተደግፎ ከፊል ቁጭ ብሎ መተኛት የተለመደ ነበር ይላሉ።

ከኩሽና ወጥታችሁ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍሎች ስትገቡ ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል። የሬምብራንት ሳይሆን የመምህሩ የፒተር ላስትማንና የሌሎች ናቸው። ስህተት አይደለም። ሰውየው ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን የሥዕል ነጋዴም ነበር። ደንበኛ ሲመጣ እዚህ ተቀምጦ ይጋበዛል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል። እብነ በረድ የሚመስለውን የምድጃ ጌጥ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በቀለም የተሣለ እንጨት ነው! ለሠዓሊ ቤት ይመጥናል።

ሳስኪያ በ1642 በ29 ዓመቷ የሞተችው በዚህ ቤት ነው። ልጃቸው ቲቱስ ያኔ አንድ ዓመት አልሞላውም። ባለቤቷ ታማ በተኛችበት አልጋ ላይ ደጋግሞ ስሏታል፤ ስዕሎቹ ዛሬም አሉ። "የሌሊት ዘብ"ን የጨረሰውም በዚያው ዓመት ነው። ሥዕሉ ስቱዲዮው ውስጥ አይገባም፣ ግቢው ውስጥ በተሠራ ዳስ መሰል ቦታ ሳይሠራው አልቀረም ይባላል።

6. ትልቁ ስቱዲዮ፦ እዚህ አትቸኩሉ

ከሁለት ሰዓታችሁ ውስጥ ግማሽ ሰዓቱን ለዚህ ክፍል ስጡ። ከሌላው ክፍል ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ።

መጀመሪያ መስኮቶቹን እዩ። ወደ ሰሜን ይመለከታሉ። በአውሮፓ ሰሜን የሚያይ መስኮት ቀጥታ ፀሐይ አያስገባም። ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም አይለዋወጥም፣ የሥዕሉ ጥላም ቦታውን አይቀይርም። መስኮቱ ላይ የተወጠረውን ጨርቅም ልብ በሉ። ብርሃን ሲበረታ ለማለስለስ ነው። ከዚያ ሥዕል ማቆሚያው ከመስኮቱ በየት በኩል እንደቆመ እዩ። ፊት ላይ ብርሃን ከአንድ ወገን ሲወድቅና ሌላው ወገን ጨለማ ሲውጠው በሬምብራንት ሥዕል አይታችሁ ከሆነ፣ እዚህ ቆማችሁ የራሳችሁን እጅ ወደ መስኮቱ ዘርጉና ተመልከቱ። ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል።

ቀጥሎ የቀለም ዝግጅቱን ተከታተሉ። ባለሙያ ቆሞ የሚያሳይበት ሰዓት አለ፤ ስትገቡ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። የደቀቀ የቀለም ዱቄት ለስላሳ ድንጋይ ላይ ይደረጋል። የተልባ ዘይት ይንጠባጠብበታል። ከዚያ እንደ መጅ ባለ ድንጋይ እየተሽከረከረ ይፈጫል፣ ይፈጫል፣ አሁንም ይፈጫል። አዎ፣ እኛው ለሆድ የምንበጠብጠው ተልባ ነው። ዱቄቶቹ ደግሞ ከያሉበት የመጡ ናቸው፤ ቢጫውና ቀዩ አፈር፣ ጥቁሩ የተቃጠለ አጥንት፣ ነጩ እርሳስ የሚባለው ብረት። የእርሳሱ ነጭ የሚሠራው እርሳስን ከኮምጣጤ ጋር በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ቀብሮ ነው። መርዝ ነው፣ ግን ያን ወፍራምና የሚያበራ ነጭ የሚሰጠው እሱ ነበር። የተፈጨው ቀለም እንዳይደርቅ በአሳማ ፊኛ ይቋጠራል። ቱቦ ገና አልተፈለሰፈም።

መጠየቅ አትፈሩ። ማሳያውን የሚሠሩት ሰዎች ጥያቄ ይወዳሉ። ልጆች ካሉ ወደ ፊት አስቀድሟቸው። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ ፍላሽ አጥፉ።

7. የዕቃ ማከማቻው

ከስቱዲዮው ቀጥሎ ያለው ክፍል ዛጎሉ፣ የራስ ቁሩ፣ ሐውልቱ፣ ጋሻና ጦሩ የተደረደረበት ነው። ሰውየውን ያከሰረው ይህ ክፍል ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ግን ለጌጥ ብቻ የገዛው አልነበረም። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ሲሥል ልብሱንና መሣሪያውን ከዚህ ያወጣ ነበር። ከሕንድ የመጡትን ትንንሽ ሥዕሎች እያየ የሣላቸው ቅጂዎችም ዛሬ አሉ።

በ1656ቱ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ለእኛ ዓይን የሚገባ ነገር አለ። ሁለት ጥቁር ሰዎችን በአንድ ላይ የሚያሳይ ሬምብራንት የሣለው ሥዕል ተመዝግቧል። ሁለት አፍሪካውያን ወንዶችን የሚያሳይ በ1661 የተፈረመ ሥዕሉን ዛሬ ዘ ሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ማየት ይቻላል። ከየት አምጥቶ ሣላቸው? ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። በዚያ ዘመን በዚሁ መንገድ ዙሪያ የሚኖሩ ጥቁር ሰዎች ነበሩ፣ የጋብቻና የጥምቀት መዝገብ ላይ ስማቸው አለ። ሙዚየሙም በ2020 ይህንኑ የሚያሳይ ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ነበር።

8. ኢቺንጎቹና ጃንደረባው

የሬምብራንት የራሱ እጅ በብዛት ያለው እዚህ ላይ ነው። በሕይወቱ ወደ 290 የሚሆኑ ኢቺንጎች (የመዳብ ሰሌዳ ላይ ተጭረው ወረቀት ላይ የሚታተሙ ሥዕሎች) ሠርቷል፤ ሙዚየሙ አብዛኞቹን ሰብስቧል። አሠራሩን ሲያሳዩ ቆማችሁ እዩ። የመዳብ ሰሌዳ ሰም ያለበት ቅባት ይቀባል። ሠዓሊው በመርፌ ይጭርበታል፣ ሰሙ በተነሣበት መዳቡ ይገለጣል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ የተገለጠው ብቻ ይበላል። ከዚያ ቀለም ይቀባል፣ ይወለወላል፣ ጭረቱ ውስጥ የገባው ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያው መሃል ሲያልፍ ሥዕሉ ተገልብጦ ይወጣል። ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ ሲላጡት ያለውን ድምፅ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት።

አሁን የምነግራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መዘጋጀት የሚፈልግ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን፣ የህንደኬን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄዶ ሲመለስ፣ በሠረገላው ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ፊልጶስ አግኝቶት ያጠመቀው ኢትዮጵያዊ። ሬምብራንት ይህን ታሪክ በ1641 በኢቺንግ ሠርቶታል፤ ማለትም በዚህ ቤት ሲኖር። መጠኑ 18 በ21 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጃንደረባው ተንበርክኳል። አጃቢዎቹ ከበውታል። ፈረስ ላይ ያለ ሰው ከላይ ይመለከታል። "በገንዘብዋም ሁሉ የሠለጠነ" የተባለውን ሹም የሣለው ገንዘብ መያዝ ያቃተው ሰው መሆኑ ፈገግ ያሰኛል።

ችግሩ ኢቺንጎች ብርሃን አይወዱም። ስለዚህ እየተፈራረቁ ነው የሚሰቀሉት፤ የእናንተ ቀን ላይ ይህኛው ላይኖር ይችላል። ሠራተኞቹን ጠይቁ። ከሌለም በራይክስሙዚየም ድረ ገጽ ላይ ምስሉን በነጻ አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት፣ እና ማተሚያው አጠገብ ቆማችሁ አጉልታችሁ እዩት። እያንዳንዱ መስመር የመርፌ ጭረት መሆኑን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ሥዕሉ ሌላ ነው የሚሆነው።

9. ቆጡ

ደረጃው ካልሰለቻችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ተማሪዎቹ የሚሠሩበት ቦታ ነበር። እያንዳንዱ በጨርቅ ወይም በሳንቃ የተከለለ ጥግ ነበረው። ካሬል ፋብሪቲየስ፣ ሳሙኤል ፋን ሆግስትራተን፣ ኒኮላስ ማስ እዚህ ተምረው የወጡ ናቸው። ለትምህርቱ በዓመት 100 ጊልደር ይከፍሉ ነበር ተብሎ ተጽፏል፣ የሠሩትንም መምህሩ ይሸጠው ነበር። ጥሩ ገቢ ነው። ያም ሆኖ አልበቃውም።

ወርዳችሁ ስትወጡ የመጽሐፍና የፖስት ካርድ ሱቅ አለ። ትልቁን መጽሐፍ ከመሸከም የኢቺንግ ካርዶቹ ይሻላሉ።

10. ከወጣችሁ በኋላ

ጊዜ ካላችሁ በእግር ቀጥሉ። ዋተርሎፕላይን ላይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ፤ መከራከር ይቻላል። በሕፃንነታቸው የሞቱት የሬምብራንት ልጆች የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን፣ ዛውደርኬርክ፣ ከቤቱ ጥግ ነው። ሳስኪያ ያረፈችው በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን፣ አውደኬርክ ነው፤ ሬምብራንት ሲቸግረው በኋላ መቃብሯን ሸጦታል። እሱ ራሱ በ1669 ሲሞት ቬስተርኬርክ በሚባል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኪራይ መቃብር ተቀበረ፣ ቦታው የት እንደሆነ ዛሬ ምልክት የለውም። ከቤቱ እስከዚያ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

"የሌሊት ዘብ"ን ለማየት ራይክስሙዚየም በሌላ ቀን ሂዱ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት እግርንም ዓይንንም ያደክማል። ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ ራይክስሙዚየም ይሁን። ቀለሙ ሲፈጭ አይታችሁ ብትሄዱ ሥዕሉ ላይ የምታዩት ይበዛል።

አንድ ትርፍ ቀን ያለው ሰው ደግሞ ባቡር ይዞ ዩትሬክት ይሂድ፣ ከሴንትራል ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ካታራይነኮንቬንት የሚባለው ሙዚየም ውስጥ ሬምብራንት በ1626፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ያንኑ የጃንደረባውን ጥምቀት በዘይት ቀለም የሣለው ሥዕል አለ። ሥዕሎች ለኤግዚቢሽን ወደ ሌላ ከተማ ስለሚላኩ ከመሳፈራችሁ በፊት በቦታው መኖሩን በስልክ ወይም በድረ ገጹ አረጋግጡ። የኢቺንጉን ምስል ከስልካችሁ አታጥፉት፤ እዚያ ስትደርሱ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ።